ባለ አጭር ጆሮዋ

ተራራ ላይ ባለችው መንደራችን ቃሳፓታ «ስንት አልፓካ አለሽ?» ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው፤ ያ እንደ በግ የሚሸለት አንገተ ረጅም ከብት ዓይን ይወድቅበታል። የሚጠየቀው «ያንቺዎቹ የማን ዘር ናቸው?» ተብሎ ነው። ባሲሊያ ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወደው ኖራለች። የጠየቃትን ሰው ከአያቷ አልፓካ ጀምራ ትናንት እስከተወለደችው ግልገል ድረስ ሳትዘረዝርለት አትለቀውም ነበር፤ ሰሚው እግሩ ደንዝዞ እስኪያነክስ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጥያቄው ከሩቅ ሲመጣ ይታወቃትና ኩበት ልትለቅም ትነሣለች።

እኛ ዘንድ ልጅ ሦስት አራት ዓመት እስኪሞላው ጸጉሩን መቀስ አይነካውም። ተንጨፍሮና ተቆላልፎ እንዳልተሸለተ በግ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ ዘመድ አዝማድ ይጠራል፤ ሁሉም በተራው አንዳንድ ዘለላ ይቆርጣል፤ የቆረጠ ደግሞ ይሰጣል። ሩቅ የሆነው ሳህኑ ላይ ጥቂት ሶል ገንዘብ ጣል ያደርጋል። የቅርብ ሰው ግን የሚሰጠው እንስት ግልገል ነው። ያቺ ግልገል፣ የምትወልዳቸውም፣ የልጅ ልጆቿም የዚያ ሕፃን ናቸው፤ አባትም ባልም እጁን አያስገባባቸውም። ሴት ልጅ ስታገባ ዘሯን እየነዳች ነው ወደ ባሏ ቤት የምትሄደው።

ባሲሊያም የራሷን ዘር ያገኘችው በጸጉሯ ቀን ከአያቷ እጅ ነው። ዳማ ነበረች አሉ፣ ጠቆር ያለች፣ ጆሮዋ ረጅምና ቀጥ ያለ። ባሲሊያ ሜልቾርን አግብታ ወደ ቃሳፓታ ስትወጣ ከዚያችው የተዋለዱ አሥራ አንድ ዳማዎችን ሁለት ቀን ሙሉ ነድታ ነው የገባችው። ጆሯቸው ላይ የራሷን ቀይና ቢጫ የሱፍ ክር አንጠልጥላ። የሜልቾር ወገን ክር አረንጓዴ ነው። የመንደሩ ሴቶች በር ላይ ወጥተው አዩዋት፤ «ይቺ ሙሽራ ከብቷ ከሷ ይበልጥ ያምራል» አሉ። ሌላ ሴት በዚህ ትከፋ ነበር። ባሲሊያ ግን እስካሁን የምትኮራው በዚያ ቃል ነው።

ታዲያ ኩራት ብቻውን አይመጣም፤ ስስትን ይዞ ይመጣል። ከተራራው ሥር ያለውን ለምለሙን ግጦሽ ለራሷ ዘር ያዘችው። የባሏ ነጫጮች፣ በኋላም የልጇ፣ ታች ደረቁ ሣር ላይ ይውላሉ፤ የሷ ዳማዎች ላይ ላዩን ይቀማጠላሉ። ሜልቾር ነፍሱን ይማርና ዝም የሚል ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ «ከብቶችሽ ከኔ የተሻለ ይበላሉ» አላት። «ከብቶቼ ካንተ የተሻለ ይሠራሉ» አለችው። ሣቀና ተወው።

ልጇ ፋውስቲኖ ማይዳን በወለደ ጊዜ ባሲሊያ በሰው ፊት ተናገረች። የወለደቻቸው ሁሉ ወንዶች ስለነበሩ ይቺ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት። «ለጸጉሯ ቀን ከዘሬ ውስጥ ጆሮው የረዘመውን፣ ጠጉሩ የለሰለሰውን መርጬ ነው የምሰጣት። የአያቴን ዘር እሷ ትወርሰዋለች» አለች። አፍ ዳገት አይፈራም።

ማይዳ ዓመት ሲሞላት፣ በነሐሴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ወረደ። ታች ያሉት ነጫጮች ወደ ጉረኖው ገብተው ተረፉ። ላይ ያሉት ዳማዎች ለምለሙ ግጦሻቸው ላይ እንዳሉ ተቀበሩ። በአራተኛው ቀን ፋውስቲኖና ባሲሊያ በአካፋ እየጠረጉ አወጧቸው፤ ተጠጋግተው፣ ተንበርክከው፣ አንገታቸውን አንዱ በሌላው ላይ እንዳደረጉ ነበር። ሥጋው አይጣልም፤ ቋንጣ ሆነ። ያን ዓመት ቤተሰቡ ቋንጣ ሲበላ ባሲሊያ በውርጭ የደረቀ ድንቿን ብቻ ስትበላ ከረመች። አልለመኗትም፤ ገብቷቸዋል።

የተረፈችው ሱማቅ ብቻ ናት፤ የዚያን ሰሞን እግሯን አሟት ጉረኖ የዋለችው። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ አልቋል፤ ባሲሊያ ገብስ አልማ በእጇ ታጎርሳታለች። ባለፈው ዓመትም ዘንድሮም ከወንድ ጋር አገናኘቻት። አልፓካ ማርገዝ አለማርገዟ የሚታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንዱን እንደገና ሲያመጡባት ነው፤ ካረገዘች ፊቱ ላይ ትተፋና ትሮጣለች። ሱማቅ አልተፋችም። ረጋ ብላ ተንበረከከችለት።

«ትፊበት እንጂ አንቺ!» አለች ባሲሊያ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ፋውስቲኖ መሣቅ አማረው፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ግን ፊቱን አዞረ።

እንዲህ እንዲህ ሲል የማይዳ የጸጉር ቀን ደረሰ። ዋዜማው ላይ ፋውስቲኖ እናቱን ጉረኖው ውስጥ ቆማ አገኛት። ዙሪያዋን ነጭ በነጭ ነው።

«እማዬ፣ ከኔ ውሰጂ» አላት። «ያቺ ጆሮ ረጅሟ ነጭ ግልገል አለችልሽ አይደል? ያንቺን ክር አንጠልጥይባት። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ?»

«ቶሪቢዮ ያውቃል። የመንደሩን ከብት ከነቅድመ አያቱ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።»

«ጋሽ ቶሪቢዮ እስከዚያ ድረስ ይሰክራል።»

«ቶሪቢዮ ሲሰክር ነው የሚያስታውሰው።»

ፋውስቲኖ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ ምን ይደረግ? የሰው ግማሹ በዚያ በረዶ ያለቀብሽን ያውቃል። ማን ይፈርድብሻል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይፈርድባትም። ግን እሷን የበላት ሌላ ነገር ነው። የአያቷ ዘር በሷ እጅ ሊያልቅ ነው፤ ማይዳ የሰው ክር ይዛ ልታድግ ነው። ልጇ ከጉረኖው ሲወጣ ነጭ ግልገሏን ያዘቻት። ከኪሷ ቀይና ቢጫውን ክር አውጥታ ወፍራሙ መርፌ ላይ አስገባችው። የግልገሏን ጆሮ በጣቶቿ ያዘች። ረጅም፣ ሙቅ፣ ቀጥ ያለ ጆሮ ነው። መርፌውን አስጠግታ ቆመች፤ መውጋት አቃታት። ሌላ ጆሮ ትዝ አላት።

ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ከታች፣ ከኦቆፓምፓ፣ ሳቱርኒና የምትባል ሴት ዳቦና የኮካ ቅጠል አዝላ መጣች። ትንሿ ልጇ ኤርሚኒያ ጸጉሯ ሊቆረጥ ነው፤ ባሲሊያ የጸጉር እናት እንድትሆንላት ልትለምን ነው። ይህ እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። የጸጉር እናት የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ ለልጁ ሁለተኛ እናት፣ ለወላጆቹ ደግሞ አበልጅ ነው። ባሲሊያ እሺ አለች፤ ዳቦውንም በላች። ሳቱርኒና መልካም ሴት ነበረች፤ ሁለቱም ተሳሳቁ፤ ቀኑም ተቆረጠ።

ከዚያ ባሲሊያ ጉረኖ ገባች። ያኔ ዳማዎቿ ብዙ ነበሩ። አንዷን ዓይታ «ይቺማ ለመውለድ ደርሳለች» አለች። ሌላዋን «ይቺማ እናቷን ቁርጥ ናት» አለች። ሦስተኛዋን ደግሞ ጠጉሯን ዳበሰችና ተወቻት። እንዲህ እያለች ጉረኖውን ዞራ ዞራ ጥግ ደረሰች። እዚያ አንዲት ግልገል ቆማለች። ጆሮዋ የአውራ ጣት ግማሽ አይሆንም፤ ድምቡሽ ብሎ ቀርቷል። አንዳንዴ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ዘር ያበላሻል ተብሎ ይታረዳል። ባሲሊያም ለድስት አስባት ነበር።

«እስቲ ይቺን» አለች ለራሷ። «ከብት ከብት ነው። ደግሞ የውርጩን ወራት አትሻገርም፤ ሞተች ይሉና ያበቃል።»

በኤርሚኒያ የጸጉር ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ባሲሊያ ጸጉሩን ቆረጠች፤ ግልገሏ ወደ ውስጥ ተጎትታ ገባች። ክር ሊንጠለጠልባት ሲል ጆሮ የለም። ባሲሊያ አንዴ ሞከረች፤ ክሩ ሾለከ። ሁለተኛ ሞከረች፤ ሾለከ። ሰው መሣቅ ጀመረ። ከጥግ አንዱ «ጆሮዋን ቤት ረስታው መጥታ ይሆናል» አለ። ባሲሊያ ፊቷ ቀላ፤ መሬቱ ቢውጣት ወደደች። ያኔ ሳቱርኒና ተነሥታ ክሩን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችና የግልገሏ አንገት ላይ አሰረችው።

«ጆሮዋ ቢያጥር ምን አለበት፣ አበልጄ» አለቻት። «ሐሜት አትሰማም።»

ቤቱ በሣቅ ሞላ፤ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ባሲሊያ ግን በዚያች ቅጽበት አየቻት። ሳቱርኒና አውቃለች፤ አውቃም ሸፍናላታለች። ከስድብ የሚብስ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሲሊያ ኦቆፓምፓን ሸሸችው። ኤርሚኒያ በበዓል እየወጣች «እማማ ባሲሊያ» እያለች ስትስማት ስለዚያች ከብት አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። ኤርሚኒያ ልታነሣ ብትል እንኳ ባሲሊያ ወሬውን ታስቀይራለች። ሳቱርኒና ከስምንት ዓመት በፊት ስታርፍ ለቀብር ወረደች፤ ዓይኗን ወደ ጉረኖአቸው ሳታነሣ አልቅሳ ተመለሰች። ያለቀሰችው ግማሹ ለሟቿ ነው፤ ግማሹ ለራሷ።

አሁን ነጭ ግልገሏን ለቀቀቻት። መርፌውን ኮፍያዋ ላይ ሻጠችው። አንድ ጊዜ በከብት አፍራለች፤ ሁለተኛ አታፍርም። የሌላትን የለኝም ማለት ይሻላል።

ወደ ቤት ስትገባ ምራቷ የበቆሎውን ጠላ ታጠልላለች። «ኤርሚኒያን ጠርታችኋታል?» አለቻት።

«እንዴ፣ የጸጉር ልጅዎት አይደለች እንዴ? ከሁሉ በፊት ነው የጠራናት።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች ባሲሊያ። ጀርባዋን ሰጥታም ጠላውን ማጥለል ያዘች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰው መጣ። ኤርሚኒያም መጣች፤ ቀላ ያለች፣ ወፈር ያለች፣ የእናቷን ሣቅ የምትሥቅ ሴት ሆናለች። ብቻዋን ነው የገባችው። «ባለቤቴ ከኋላ ነው፤ ቀስ እያለ ይመጣል» አለችና ከባሲሊያ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከቦታ ሁሉ እዚያ ላይ።

ማይዳን መሃል ቤት ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት። ጸጉሯ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በጥብጣብ ታስሯል። እየተቆጣች ጥብጣቡን ትነጫለች። ቶሪቢዮ ሳህኑን ይዞ ከጎኗ ቆሟል፤ እንደ ወጉ የመጀመሪያውን መቀስ ለአያት ዘረጋ።

«እኔን ወደ ኋላ አድርጉኝ» አለች ባሲሊያ።

«ለምን? ከብቷ ገና እየተኳኳለች ነው?» አለ ቶሪቢዮ። ሁለት ጽዋ ጠጥቷል፤ ክፋት የለውም፣ ምላሱ ነው። «ወይ ጉድ፣ የባሲሊያ ዘር! ጆሮው ረዝሞ በር አላስገባው ብሎ ይሆናል።»

ሰው ሣቀ። ባሲሊያም እንደ ሰው ሣቀች።

መቀሱ ዞረ። የምራቷ አባት ነጭ እንስት ሰጠ። አጎት ጭነት የሚሸከም ላማ ሰጠ። ጎረቤት ሶሉን ጣል አደረገ። ኤርሚኒያ ተራዋ ደርሶ ዘለላዋን ቆረጠችና «የኔ ስጦታ መንገድ ላይ ነው» ብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንዲት ዘለላ ብቻ ቀረች፤ ግንባሯ ላይ ያለችው። መቀሱ ወደ ባሲሊያ መጣ።

ባሲሊያ ቆረጠች። ዘለላዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። መቀሱን ግን አልመለሰችም፤ እንደያዘችው ቆመች።

«የምሰጣት የለኝም» አለች። «ስትወለድ ቃል ገብቼ ነበር፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዘሬ ሱማቅ ናት፤ ሱማቅም የመውለጃ ዕድሜዋ አልቆባታል። ፋውስቲኖ ከራሱ ልስጥሽ ብሎኝ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።»

«ኧረ ተይው ባሲሊያ፣ በረዶ ለወሰደው ማን ይወቅስሻል?» አለች ከጥግ አንዷ።

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም።» ወደ ኤርሚኒያ ዞረች። «በጸጉርሽ ቀን ጉረኖዬ ሞልቶ ነበር። መምረጥ እችል ነበር። ለድስት ያሰብኳትን ነው ያመጣሁልሽ። ትሞታለች ብዬ ነው ያመጣሁልሽ። እናትሽ አውቃ ሸፈነችኝ። በሕይወት ሳለች ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ። አሁን አንቺን እጠይቅሻለሁ፣ ልጄ።»

ቶሪቢዮ ሳህኑን ዝቅ አደረገ።

«አውቃለሁ እኮ» አለች ኤርሚኒያ።

«ምኑን?»

«የድስት እንደነበረች። እማዬ ባል ያገባሁ ቀን ነግራኛለች። እየሣቀች ነው የነገረችኝ። ‹አበልጄ ለድስት ያለቻትን ነው የሰጠችሽ፤ እንግዲህ በደንብ ያዣት። ከድስት ያመለጠ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው› አለችኝ።»

«አልሞተችም?» አለች ባሲሊያ።

«ለምን ትሞታለች? እስከ አሥራ ስድስት ዓመቷ ወልዳልኛለች። እኛ ጋ እርጥብ መሬት ነው፣ በረዶውም አይበረታም። አብዛኞቹ እንስት ናቸው። እነሱም ወለዱ። ስንት እንደሆኑ አልናገርም፣ ጋሽ ቶሪቢዮ ዓይን አላቸው። ጉረኖው ግን ጠቦን አምና አፍርሰን ሠርተነዋል።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስንት ጊዜ ልነግርዎ አፌን ስከፍት ስለ ድንች ያወሩብኛል። እማዬ ልታርፍ ስትል፣ ‹በባሲሊያ ቤት ሴት ልጅ ጸጉሯ የሚቆረጥ ቀን ዘሯን ትመልሺላታለሽ› አለችኝ። ስምንት ዓመት ይቺን ልጅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ይነሡ፣ ባለቤቴ ደርሷል።»

ሁሉም ተግተልትሎ ወጣ። ጉረኖው በር ላይ የኤርሚኒያ ባል ቆሟል፤ በእጁ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ አንዲት ወጣት እንስት። ዳማ ናት፣ ጠቆር ያለች፣ ጠጉሯ መሬት ሊነካ የደረሰ። ራሷ ላይ ሁለት ድምቡሽ ያሉ ነገሮች ወዲህ ወዲያ ይላሉ።

ባሲሊያ ቀርባ ጀርባዋን ዳበሰቻት። ጣቶቿ ጠጉሩ ውስጥ ሰጠሙ። አርባ ዓመት የዳበሰችው ጠጉር ነው፤ ዓይኗን ብትጨፍን ታውቀዋለች። አፈረች፤ ደስም አላት፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡባትና እንባዋ ወረደ። የመረጠቻቸው፣ የቆጠበቻቸው፣ ለምለሙን ያበላቻቸው አልቀው፣ የጣለቻት ናት ዘሯን ያቆየችላት።

«የጠሉት ይወርሳል፣ የናቁት ያስረግዛል» አለ ቶሪቢዮ ጽዋውን አንሥቶ። ዛሬ ሙሉ ቀን ከተናገረው ትክክል የሆነው ይኸው ብቻ ነው።

ኤርሚኒያ ገመዱን ከባሏ ተቀብላ ለባሲሊያ ዘረጋችላት።

«እኔ አይደለሁም የምሰጣት» አለች ባሲሊያ። «ያንቺ ናት። ያሳደግሻት አንቺ ነሽ።»

«ያሳደግኳትስ የእርስዎን አይደል? መቀሱን የያዙት እርስዎ ነዎት፤ ገመዱንም ይያዙ።»

ባሲሊያ ቁልቁል አየች። እውነትም መቀሱ እስካሁን እጇ ላይ ነው። ለፋውስቲኖ ሰጠችውና ገመዱን ያዘች። ሱማቅ ከጉረኖው ጥግ ተነሥታ እያነከሰች መጣች፤ አዲሷን አንገቷ ሥር አሽትታት፣ እንደ አልፓካ ልማድ እያዜመች አጠገቧ ቆመች። ኤርሚኒያ «ሌላ ጊዜ ወርደው እናቷንም ያዩልኛል» አለች። ባሲሊያ «ሰኞ እመጣለሁ» አለች፤ ከዚያ ቀብር በቀር ሃያ አራት ዓመት ያልወረደችው ሴት ቀን ቆረጠች።

ማይዳ ጸጉሯ እዚህ ተቆርጦ እዚያ ተንጨፍሮ፣ በሰዎች እግር መካከል ሾልካ መጣች። የራሷን ከብት ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ባሲሊያ መርፌውን ከኮፍያዋ፣ ቀይና ቢጫውን ክር ከኪሷ አወጣች። እጇ ከልማዷ ወደ ከብቷ ጆሮ ሄደ። ደረሰችበትና ቆመች፤ ከዚያ መርፌውን መልሳ ኮፍያዋ ላይ ሻጠችው። ክሩን በአልፓካዋ አንገት ዙሪያ አዞረችና እንዳይጠብቅባት አድርጋ ቋጠረችው።

«እማማ፣ ጆሮዋስ?» አለች ማይዳ።

«አጭር ነው፣ እናቴ» አለች ባሲሊያ። «ሐሜት እንዳትሰማ።»

ማይዳ መልሱ በቃትና ገመዱን ተቀበለቻት። ጎተተች፤ አልፓካዋም ተከተለቻት።